ቁልቁል የሚያስነዱት ሽማግሌ

አያልነሽ በሞላሌ ገበያ፣ ከፈረስ ተራው ጥግ ኮርቻ ትሸጣለች። አንድ ስማቸውን የማታውቃቸው ሽማግሌ በየገበያው ጥቁር በርኖሳቸውን ደርበው ይመጣሉ። እግራቸው እንደ ደጋን የጎበጠ ነው፤ ሲራመዱ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ሌላው የፈረሱን ጥርስ ከፍቶ ሲያይ፣ እሳቸው ኮርቻው እንዲወርድ ይለምኑና ፈረሱን ቁልቁል ያስነዱታል። «ትከሻው ቀጥ ያለ ነው፤ እግሩን አይዘረጋም። ለጭነት እንጂ ለጉግስ አይሆንም» ይላሉ። ገዝተው ግን አያውቁም።

ዛሬ አንዲት ዳማ ባዝራ መጣች፤ ትከሻዋ ወደ ኋላ የተጋደመ፣ ወገቧ አጠር ያለ። ቁልቁለቱን እንደ ውሃ ወረደችው። የሽማግሌው ጀርባ ቀና አለ፤ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ገጠም ብሎ፣ ተረከዛቸው ፈረስ እንደሚጋልብ ሰው መሬቱን ቀስ አድርጎ ጎሰመው። አያልነሽ ያን ጊዜ የእግራቸውን ጉብጠት ምን እንደሠራው ገባት።

«ምን እንከን አገኙባት፣ አባባ?»

«እንከንማ የላትም፣ ልጄ። ባለቤቱን አንዴ ድገምልን በይልኝ። እኔ ሳልገዛ ደግሜ ልለምነው አፈርኩ።»

አያልነሽ ኮርቻዎቿን እንዳሉ ትታ ተነሳች።