እችላለሁ ማለት ያቃተኝ ቀን

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እጄ ለመጻፍ ይዘገያል። አንድ መስመር ጽፌ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። ዛሬ ግን እሱ እያነሳ ይስቅባት የነበረችውን ቀን ልጻፍ።

በፈረንጆቹ አዲሱ ሺህ ዓመት መግቢያ ላይ ነው። የምንኖረው ከካርቱም ዳርቻ፣ ካላክላ ነበር። እሱ ልብስ ይሰፋል፤ እኔ ሃፍላ በሚሏት ጠባብ አውቶቡስ ተጨናንቄ እየሄድኩ ካርቱም መሃል አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። የደቡብ ሱዳን፣ የኑባና የሐበሻ ሴቶች እዚያ ብዙ ነበርን፤ ኃላፊ የሆነችው ግን አንዲት ብቻ ናት። ከኑባ ተራሮች የመጣች፣ እንደኛው በመጥረጊያ የጀመረች ሴት። ሁላችንም ኻልቲ እንላታለን፤ አክስቴ ማለት ነው።

አንድ ዓመት ሆቴሉ አዲስ ደንብ አወጣ። እያንዳንዱ ኃላፊ ከሥሩ አንዲት ሴት መርጦ ሥራውን ያሳያታል፤ ከዚያም ሥራ አስኪያጁ ፊት ቀርቦ እንድታድግ ይናገርላታል። ኻልቲ እኔን መረጠች። ረፋድ ላይ ሠራተኛው በየትሪው ዙሪያ ፉጡር የሚሉትን ቁርስ ሲበላ፣ በኃላፊዎቹ ትሪ አጠገቧ ታስቀምጠኝ ጀመር።

"ብይ! ከአሁኑ ዓይናቸው ይልመድሽ" ትለኛለች።

ቀኑ ደረሰና ሁለታችን ቢሮ ገባን። ኻልቲ ስለኔ ብዙ ተናገረች፤ የአንድ ፎቅ ኃላፊነት ይገባታል አለች። ሥራ አስኪያጁ ወደኔ ዞረ።

"ትችያለሽ?"

እኔ ወሎ ነው ያደግሁት። ራስን ማወደስ ነውር ነው። ምግብ ሲቀርብልን እንኳ መጀመሪያ ጠግቤያለሁ እንላለን፤ ሲለምኑን ነው የምንቆርሰው። አንገቴን ደፍቼ "እኔ ምን አውቄ! ከኔ የሚሻሉ ሞልተዋል" አልኩና እስኪለምነኝ ጠበቅሁ።

"እንግዲያው ለምትሻለው እንሰጣለን" ብሎ ተነሳ።

ኻልቲ ከበሩ እንደወጣን ክንዴን ያዘችኝ።

"ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ አበድሽ? እኔ አፌ እስኪደርቅ ሳወድስሽ አንቺ ራስሽን ትጥያለሽ? ከእንግዲህ ለሌላዋ ብናገር ማን ይሰማኛል?"

"ኻልቲ፣ እኛ አገር እንዲህ ነው…"

"አገርሽ ሂጂና ተሾሚያ!"

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው መቀሱን አስቀምጦ ሳቀ። "ሰውዬው 'በሞቴ' እንዲልሽ ጠብቀሽ ነው እኮ!" አለኝ። እንባዬን ሲያይ ግን "አብሽሪ" ብሎ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አደረገና ስፌት መኪናው ኋላ ኮራ ብሎ ተቀመጠ።

"ትችያለሽ?"

"ኢንሻአላህ…"

"ትችያለሽ ወይ ነው ያልኩሽ።"

"እሞክራለሁ።"

"ውጪልኝ ከቢሮዬ!"

በማግስቱ ኻልቲ ሳትነግረኝ ብቻዋን ተመልሳ ገባች። ኮሪደር እየጠረግሁ ድምፅዋን ሰማሁ። "እነሱ አገር እምቢታ ጨዋነት ነው። እንደገና ጠይቃት። ካልቻለች ጥፋቱ በኔ ይሁን" ትላለች። ከዚያ ጠሩኝ።

"ትችያለሽ?" አለኝ ሰውየው።

"እችላለሁ!" አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

"ጆሮዬን! አልደነቆርኩም እኮ" ብሎ ሳቀ። "ያላ፣ ከቅዳሜ ጀምሪ።"

ኻልቲ የተጠቀለለችበትን ቶብ አስተካክላ ቀድማኝ ወጣች።

ከሥራ ስመለስ ባለቤቴን፣ የማታው እንባዬ ከንክኖት መሰለኝ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሃፍላው መቆሚያ ጋ ቆሞ አገኘሁት። አልጠየቀኝም፤ የፈካ ፊቴን ብቻ አየ። ወንድ መሆኑን ረስቶ እልል አለ። ሻይ የምትሸጠው ሴት ዞራ አየችውና፣ ነገሩን ሳታውቅ እሷም እልልታውን ተቀበለችው።