ሽብልቁን የሚያዞረው ሰው

ሰፈር ውስጥ «ደፋሩ» ይሉታል። ምን ያድርጉ? ሌላው በሩቁ የሚሸሸውን ማሽን ከመሬት ብድግ አድርጎ ሆዱ ሥር በባትሪ እያበራ የሚያይ ሰው ነው። እውነቱን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። ሥራ ባለበት ቀን ጠዋት ቁርስ አይወርድለትም፤ ሽንት ቤት ይመላለሳል፤ የጫማውን ክር አስሮ ይፈታል፣ ፈትቶ መልሶ ያስራል። «ጨጓራዬ ነው» ይላታል። እሷም «አዎ፣ ጨጓራህ ነው» ትለዋለች። ባሏን አሳፍራ ምን ልታተርፍ?

እንጀራው ከባድ ማሽን ማንሳት ነው። ማተሚያ ቤቱም፣ ዱቄት ፋብሪካውም፣ እንጨት ቤቱም፣ ወለል የሰመጠበትና ማሽን የተንጋደደበት ሁሉ እሱን ይጠራል። የመኪና ክሪክ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለመግባት ብቻ የጫማ ካርቶን የሚያህል ክፍተት ይፈልጋል። ማሽን ደግሞ ወለሉ ላይ ልጥፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ከሥሩ ጣት እንኳ በግድ ነው የሚገባው። ለዚህ ሽብልቁ አለ። ሁለት የብረት ከንፈሮች አሉት፤ ጫፋቸው ስስ ነው፣ እንዳይንሸራተቱም ጥርስ ወጥቶላቸዋል። ከንፈሮቹን ገጥመው ክፍተቱ ውስጥ ይሰኳቸዋል። ከኋላ ያለውን ብሎን በመፍቻ ሲያዞሩት በመሃላቸው ያለው ሹል ብረት ወደ ፊት እየገፋ ይፈለቅቃቸዋል፣ ማሽኑም እያቃሰተ ይነሳል። ክንድ የማታህል ዕቃ ናት፤ የምትሸከመው ግን የጭነት መኪና የሚከብደውን ነው።

ማንሳቱስ ደግ ነው። የሚያስፈራው ማውረዱ ነው። ሽብልቅ ክብደት ሲጫነው ይነክሳል። ብሎኑን ቢያላሉለትም ለጊዜው ንቅንቅ አይልም፤ ከዚያ ሳይታሰብ አንዴ ሸርተት ይልና ማሽኑ ዱብ ይላል። መቼ እንደሚለቅ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። በዚያች ቅጽበት ከማሽኑ እግር ሥር የሰው እጅ ካለ፣ እጅ ነበር ማለት ነው።

እጁን የሚያስገባው ደግሞ ባዳ አይደለም፣ የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው። ፀጉሩ ገብስማ ሆኖ፣ ልጆች አሳድጎ፣ እስካሁን ስሙ «ማሙሽ» ነው። በሆዱ ተኝቶ ከማሽኑ እግር ሥር ከፍታውን የሚያስተካክለውን ስስ ላሜራ ሲደረድር ያንጎራጉራል። ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ታላቁ ላብ ሲያጠምቀው እሱ ያፏጫል። እናታቸው «ወንድምህን አደራ» ብላ ነበር ያስረከበችው፤ ታላቁም ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ የማሙሽን ድርሻ ፍርሃት ጨምሮ ለሁለት እየፈራ ይኖራል።

በሥራ ላይ አይተያዩም። አንዱ ከማሽኑ ወዲህ ብሎን ላይ ነው፣ ሌላው ወዲያ ማዶ ወለል ላይ። ስለዚህ ገና ሲጀምሩ ያበጁት ደንብ አለ። ማሽኑ ከመውረዱ በፊት ታላቁ «እጅ?» ይላል። ታናሹ «ወጥቷል!» ይላል። ያኔ ብቻ ብሎኑ ይላላል። «እሺ» አይሠራም፣ «ቀጥል» አይሠራም፣ ሳል አይሠራም። ታላቁ በዚህ ደንብ ተማምኖ ነው እስካሁን በሕይወት የቆየው። ፍርሃቱ ከዚያች «ወጥቷል» በኋላ ለአፍታም ቢሆን ትንፋሽ ይሰጠዋል።

ያን ቀን የተጠሩት ማተሚያ ቤት ነበር። ወረቀት መቁረጫው አንድ ጎኑ ሰምጦ፣ ወረቀቱን ሁሉ እያንጋደደ ይቆርጣል። ኃላፊዋ «ዛሬ ካላለቀ ጉዴ ነው» እያለች በር ላይ ትንቆራጠጣለች። ሌሎቹን እግሮች በሰላም ጨረሱ። የመጨረሻው ግድግዳው ጥግ ነው፤ ቦታው ጠባብ፣ ብርሃኑም የለ። ታላቁ አነሳው። ማሙሽ ላሜራውን አስገባ፤ ማሽኑ እንዳይወድቅ በጎን የገባውን ድጋፍ ብረትም አወጣ። አሁን ክብደቱን የያዘው ሽብልቁ ብቻ ነው።

«እ…» አለ ታላቁ።

«ወጥቷል!» አለ ማሙሽ።

ታላቁ መፍቻውን እንደጨበጠ ድርቅ አለ። ጥያቄውን አልጨረሰም እኮ። ደግሞም ከወዲያ ማዶ ላሜራ ወለሉን ሲፍቅ ይሰማል። መፍቻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና በግድግዳው በኩል ተሹለክልኮ ዞረ። የማሙሽ እጅ እስከ አንጓው ድረስ ከማሽኑ እግር ሥር ገብቷል።

«ማሙሽ!»

«ወይ ጋሼ። ቆይ አንዴ፣ ይቺ ላሜራ ተጣማብኝ ነው።»

«ወጥቷል አላልክም?»

«አልኩ እንዴ?» እጁን ከውስጥ ሳያወጣ ቀና አለ። «ላወጣው ስል ነዋ። አንተ እንደሆንክ ተንቀርፍፈህ እስክታላላው ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ።»

«አውጣ! አሁኑኑ አውጣ!»

አወጣው። ታላቁ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። አፌ ነው የሚለው፣ ለምዶበት።»

ታላቁ ክው አለ። ዱቄት ፋብሪካው ትዝ አለው፤ እንጨት ቤቱ ትዝ አለው፤ ዝናብ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያነሱት ያ ትልቅ መጭመቂያ ትዝ አለው። በዚያ ሁሉ ቦታ «ወጥቷል» ሲባል እፎይ ብሎ አላልቷል። እሱ እፎይ ሲል የማሙሽ እጅ የት ነበር? ላለፈ ነገር መፍራት አለ ቢሉት ይስቅ ነበር፤ አሁን ግን ያልፈራባቸው ቀናት ሁሉ ተሰብስበው ባንድ ጊዜ መጡበት። 

ወደ ቦታው ተመልሶ መፍቻውን አነሳ። ብሎኑ ላይ ገጠመውና መልሶ አነሳው።

«አልችልም» አለ።

«ምን ሆንክ?»

«ፈራሁ።»

ማሙሽ ሳቀ። «አንተ? ደፋሩ?»

«ሁልጊዜ ነው የምፈራው። ጨጓራ የለብኝም።»

ማሙሽ ይህን ሲሰማ ሳቁን ዋጠ። ዞሮ መጣና መፍቻውን ከእጁ ወሰደ። «በቃ እንቀያየር። እኔ አወርዳለሁ፣ አንተ ላሜራዋን አስተካክል። እሺ ጋሼ?»

ታላቁ እሺ አለ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለው። ቢያንስ የማሙሽ እጅ ከዚያ ጉድ ወጣ። ጓንቱን አጥልቆ በሆዱ ተኛ፤ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፣ የቀለምና የዘይት ሽታ ያፍናል። ከዚህ በኩል ማሽኑን አይቶት አያውቅም። ላሜራዋን ገፋ ገፋ አደረጋት። ማሙሽ ያወጣውን ድጋፍ ብረት ወደ ኋላ ጎተተ። ብረቱ ሲጎተት ላሜራዋን ነካትና እንደገና ተጣመመች። እጁን አስገባ።

«እጅ?» አለ ማሙሽ።

«ወጥቷል!» አለ ታላቁ።

በምን አፉ እንዳለው እስከ ዛሬ አያውቅም። ቃሉ ከራሱ ጉሮሮ ሲወጣ ሰማው፤ ጣቶቹ ግን ላሜራዋ ላይ ናቸው። «ቆይ!» ሊል አፉን ከፈተ። ብሎኑ ሲላላ ተሰማው። እጁን ጎተተ፤ የጓንቱ ጫፍ የላሜራዋ ጠርዝ ላይ ተይዟል። ነፍስና ሥጋው ሊለያዩ ሲደርሱ ባለ በሌለ ኃይሉ መነጨቀው። ማሽኑ ዱብ አለ።

«ወረደ!» አለ ማሙሽ። «ጋሼ፣ ልክ ገባች አይደል?»

መፍቻውን እንደያዘ አንገቱን አሰገገ።

«ጋሼ?»

ዞሮ ሲመጣ ታላቁ ግድግዳውን ተደግፎ ቀኝ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ተቀምጧል። ከማሽኑ እግር ሥር ግማሹ ጓንት ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል። ማሙሽ ጓንቱን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ መልሶ ጓንቱን አየ። ቆሌው ተገፈፈ። መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ታላቁ ያንን ፊት ያውቀዋል፤ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ የሚያገኘው ነው። ምነው ትንሽ ፈሪ በሆነልኝ እያለ ስንት ዘመን ሲለምን ኖሮ፣ አሁን ሲያየው ግን አልወደደውም።

«አለ፣ እጄ አለ» አለና አሳየው።

ማሙሽ ተንበረከከ። እጁን በሁለት እጁ ይዞ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ እንደ አራስ ልጅ ጣት፣ እየዳሰሰ ቆጠራቸው። ጨርሶም እንደገና ከአውራ ጣት ጀመረ።

«ተው እንጂ፣ ሁሉም አሉ።»

«ልቆርጥህ ነበር።»

«አንተ ምን አጠፋህ? ወጥቷል ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«አዎ» አለ ማሙሽ፣ እጁን ሳይለቅ። «እኔም አመንኩህ።»