የቅቤ ብስኩቱና የጓደኛዬ ምስክርነት

የዴንማርክ የቅቤ ብስኩት መጋገር ያስተማሩኝ ኮክረን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ አንዲት የዴንማርክ ተወላጅ አሮጊት ናቸው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰፈሬ ከሞንተሬይ ፓርክ ተነስቼ እሳቸው ዘንድ እነዳለሁ፤ አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን አውጥቼ እሰጣለሁ፣ ምሳ አቀርባለሁ። በስሜ ጥሪኝ ቢሉኝም አፌ እምቢ አለ። እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱታ የለውም። ስለዚህ «እማማ» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ በሌላ ብጠራቸው አይሰሙኝም።

እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲኒ እንኳ የሚያነሱት በሁለት እጅ ነው። አንድ ቀን ከቁም ሳጥን ውስጥ ከባድ የብረት ሥጋ መፍጫ አስወጡኝና «ዛሬ እጅሽን አውሺኝ» አሉኝ። ሥጋ ልንፈጭ መስሎኝ ነበር። ለካ አፉ ላይ የኮከብ ቅርጽ ቀዳዳ ያለው ብረት ይገጠምበታል፤ ሊጡ በዚያ ሲወጣ መስመር መስመር እየሠራ ይወርዳል። በጣት ልክ እቆርጠውና ጫፍና ጫፉን አገናኝቼ ቀለበት አደርገዋለሁ። ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የተፈጨ አልሞንድና ቫኒላ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይቆጡኛል። «አትሺው! ዳቦ አይደለም። እጅሽ ሲሞቅ ቅቤው ይቀልጣል።» እጄን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እነክራለሁ። ሊጡን ደግሞ በረንዳው ላይ በረዶ ውስጥ አስቀምጠን እስኪጠነክር እንጠብቃለን። የመጀመሪያው ትሪ ቀለጠና አንድ ትልቅ ቂጣ ሆኖ ወጣ። አፍሬ ቆሜ ሳለ ጠርዙን ቆርሰው ቀመሱና «አይዞሽ፤ ባሌ የእኔን የመጀመሪያ ለውሻው ነው የሰጠው። ውሻውም አልበላውም» አሉኝ።

ሁለት ክረምት እንዲህ ጋገርን።

በሁለተኛው ክረምት፣ የገና በዓል ሲቃረብ፣ ከቢሮ ኮል አደረጉልኝ። እማማ ደክመዋል፤ እየጠየቁሽ ነው፤ ሺፍትሽ ባይሆንም መምጣት ትችያለሽ ወይ አሉኝ። ስድስት ቀን ሳላርፍ ሠርቼ ነበር። መንገዱ በረዶ ነው፣ መኪናዬም አልነሳ ብሏል አልኳቸው። ሁለቱም ውሸት ነበር። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኛሁ። እማማ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አረፉ። አጠገባቸው የነበረችው ለመጀመሪያ ጊዜ የተላከች ሠራተኛ ናት፤ ስማቸውን እንኳ በቅጡ አታውቅም።

ልጃቸው መፍጫውን ለእኔ ሰጠችኝ። ስቀበላት ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

ይህን ነገር የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ጓደኛዬ እዚህ አገር በገባሁበት ዓመት የገባች፣ አንድ ቤዝመንት ውስጥ አብራኝ የኖረች፣ ሚዜዬ የነበረች ሴት ናት። ኮርነርስቶን የሚባል ሰፈር አዲስ ቤት ገዝታ ስትገባ መፍጫውን ይዤ ሄድኩና ብስኩቱን አስተማርኳት። ሊጡን እየቆረጥን ሳለ ዕንባዬ መጣ፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ውሸቱንም፣ ሶፋውንም፣ እጃቸውን ይዤ ቢሆን እያልኩ መመኘቴንም። አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች። «ከእኔ አያልፍም» አለችኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ መፍጫውን አውሺኝ አለችኝ። ለቤተ ክርስቲያናችን የእህቶች ፕሮግራም ብስኩት ልትጋግር ነው። ደስ ብሎኝ ሰጠኋት። በዕለቱ ከሥራ ዘግይቼ ደረስኩና ኮቴን ሳላወልቅ በሩ ጋ ቆምኩ። እሷ ከፊት ቆማ ትመሰክራለች። መፍጫው ጠረጴዛው ላይ ነው።

«አንዲት የዴንማርክ እናት ነበሩኝ» ትላለች። «እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን እጅሽን አውሺኝ አሉኝ።»

መጀመሪያ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። የውሻውን ነገር ነገረቻቸው፤ ሁሉም ሳቁ። ቀጠለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የሞቱ ዕለት መንገዱ በረዶ ነበር። ድካም ነበረብኝ። ግን ጌታ ሂጂ አለኝ፤ ሄድኩ። እጄን እንደያዙ ነው ያረፉት።»

እህቶች ሁሉ ሃሌ ሉያ አሉ። ከፊት ረድፍ ያለችው ዕንባዋን ትጠርጋለች።

ሲያልቅ ፓርኪንግ ላይ ጠበቅኳት።

«ያ የእኔ ነው» አልኳት።

«ምኑ?»

«እማማ የእኔ ናቸው። ያላደረግሽውን ነው የመሰከርሽው። እኔም ያላደረግኩትን።»

«አንቺ እኮ አታወሪውም!» አለችኝ። «ስምሽን አልጠራሁ፣ ማን ተጎዳ? ሰው ሁሉ ተባርኳል።»

«ሲሞቱ እጃቸውን የያዘ የለም። ታውቂያለሽ። ነግሬሻለሁ።»

መኪናዋን ከፍታ መፍጫውን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ጥሩ መጨረሻ እንዲኖረው ብዬ ነው» አለች።

ያን መጨረሻ ስንት ጊዜ እንደተመኘሁት እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። ብቻዬን ሆኜ በሐሳቤ ስንቴ ነድቼ ደርሻለሁ፤ ስንቴ እጃቸውን ይዣለሁ። ምኞቴን ወስዳ ለራሷ አደረገችው። ብስኩቱን ብቻ የእኔ ነው ብትል ኖሮ ይቅር እላት ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴም ተይው አለኝ። በኋላ ግን አራስ ጥየቃ ብስኩት ጋግሬ ስሄድ፣ የጉባኤያችን ትልቅ ሴት ቀመሱና «ከጓደኛሽ ተማርሽ? ጎበዝ። ያቺ ልጅ ፈረንጇን እስከ መጨረሻ ነው ያስታመመች፤ ከእሷ ብዙ ተማሪ» አሉኝ።

አንገቴን ነቅንቄ ዝም ማለት እችል ነበር።

«እትዬ፣ ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። «እስከ መጨረሻው ግን አይደለም። ሲጠሩኝ ዋሽቼ ቀረሁ። ሲሞቱ ሶፋ ላይ ተኝቼ ነበር።»

እትዬ ብስኩቱን ሳይጨርሱ አስቀመጡት። ሄደው ጓደኛዬን ጠየቋት፤ ቀንታብኝ ነው አለች። ግማሹ ሰው አመናት። የእሷ ታሪክ ያማረ ነው፤ የእኔ ያሳፍራል። ለተወሰነ ጊዜ ሰላምታ የነፈጉኝ እህቶች ነበሩ።

ከወር በኋላ እትዬ ቤቴ ድረስ መጡ። ተቀመጡና «አስቤ አስቤ፣ እውነቱ ያንቺ ነው» አሉኝ። «ሰው ራሱን የሚያዋርድ ውሸት አይፈጥርም።» ከዚያ ስለ እማማ ጠየቁኝ፤ ምን ይወዱ እንደነበር፣ ልጃቸው የት እንዳለች።

ጓደኛዬ ሌላ ጉባኤ መሄድ ጀመረች። ባለፈው ሳምንት «ካስቀየምኩሽ ይቅርታ» ብላ ጻፈችልኝ። «ካስቀየምኩሽ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩት። እስካሁን አልመለስኩላትም።