የጉዳቱ መንስኤ

በሙዚየሙ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «እትዬ ጥንቃቄ» ነው የሚላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዕቃ ክፍሉን በር ከፍቶ ለገባ ሁሉ፣ ሹምም ይሁን አምፖል ቀያሪ፣ ከሰላምታ በፊት «ጥንቃቄ!» ስለምትል ነው። ስትስቅ ታይታ አታውቅም ይላሉ፤ እሱ እንኳን ሐሜት ነው። ከዕቃዎቿ ጋር ብቻዋን ስትሆን ትስቃለች።

ሥራዋ ጥንታዊ የቤት ዕቃ ማዳን ነው፤ እንጨቱን ከምስጥ፣ ቆዳውን ከሻጋታ፣ ጥልፉን ከብል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹ ላይ ደግሞ «የጉዳቱ መንስኤ» የሚል ሣጥን አለ። እዚያ ውስጥ ምስጥ፣ እርጥበት፣ አይጥ እያለች ስትጽፍ ኖራ፣ አሁን አሁንማ እስክሪብቶው ራሱ የሚጽፍ ይመስላታል። ጡረታ የወጣው ሾፌር ባሏ ጉልበቱን ባመመው ቁጥር «እስቲ የኔንም ጻፊልኝ፣ ምስጥ ነው በይ» እያለ ይቀልድባታል።

እሷም ብትሆን ደክሟታል። ዓይኗ ያለ ማጉያ መነጽር ክርና ፀጉር አይለይም፤ ጣቷን የማጽጃ ፈሳሹ ሽታ አልለቅ ብሎታል። ጡረታዋ ሦስት ወር ቀርቶታል። ለስንብቷ የመጥሪያ ካርድ ታትሟል፤ ካርዱ ላይ ያለው ሥዕል የሕፃን አልጋው ነው።

የሕፃን አልጋው ማለት ደግሞ የሙዚየሙ ዓይን ነው። በጎንና ጎኑ ወፎች የተቀረጹበት፣ ማር የመሰለ የእንጨት አልጋ፤ ከዋናው በር ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው። የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት ሲመጣ ግን እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ነበር። በጎርፍ ከፈረሱ ቤቶች ከተሰበሰበው ዕቃ ጋር ነው የመጣው፤ መዝገቡ ላይ «ባለቤቱ ያልታወቀ» ከሚል በቀር የረባ ነገር አልተጻፈበትም። ያኔ ገና ወጣት ናት፣ እጇ ሥራ ተርቧል። ሰባት ሳምንት ሙሉ በጥጥና በምላጭ ያንን ጥቁር ነገር እየፋቀች አነሳችው። ወፎቹ ብቅ አሉ። ወይ ጉድ፣ ስንቱ መጥቶ አየላት! የተሸለመችው የምስክር ወረቀት እስከ ዛሬ ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ባለፈው ሰኞ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ተደግፈው መጡ። «የኛ የሕፃን አልጋ እናንተ ዘንድ ነው አሉ» ብለው። በደንቡ መሠረት ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ዕቃውን ከማየቱ በፊት ምልክቱን ተናግሮ ይጻፍለታል። አሮጊቷ ወፎች አሉት አሉ። ቀጠሉና፣ «ጥቁር ነው፤ አያቴም፣ እናቴም፣ እኔም ልጅ በወለድን ቁጥር ዘይት በመዳፋችን ይዘን ነው የምናሸው። ከራስጌው እንጨት ላይ ቅባቱ ወፍሮ፣ ስናወዛውዘው የምንይዝበት አራት ጣት የሚያስገባ ቦይ አለው» አሉ። የሙዚየሙ ኃላፊ ጻፈ።

ከዚያ ወደ አዳራሹ ወሰዷቸው። አሮጊቷ መስታወቱ ጋ ቆመው ብዙ አዩ። ወፎቹን አዩ፣ ራስጌውን አዩ፣ ደግመው ራስጌውን አዩ።

«አይ፣ ይሄ የኛ አይደለም» አሉ። «የኛን የሚመስል ነው እንጂ፣ ይሄን ሰው ነክቶትም አያውቅ።»

እትዬ ጥንቃቄ ከኋላ ቆማ ነበር። ቦዩን ታውቀዋለች። ጣቷን ከትታበት ነበር፤ ልክክ ብሎላት ነበር። ከመጽዳቱ በፊት ፎቶ መነሳት ነበረበት፤ ፊልም አልቆ ነበርና ገዝተው እስኪያመጡ መጠበቅ አቅቷት በዚያው ቀን ጥጧን ነከረች። የዚያ ቦይ ምስክር መሳቢያዋ ውስጥ ያለው የራሷ ደብተር ብቻ ነው። ሁሉን እያወቀች አፏን ዘጋች። አሮጊቷ ሲወጡ በሩን የያዘችላቸውም እሷው ነበረች።

ማታ ራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየ።

«ሦስት ወር ነው የቀረሽ፣ አንቺ ሴትዮ። ሆድ ይፍጀው በይና ተይው።»

«ሆዴ ሞልቷል» አለችው።

በማግስቱ አሮጊቷ ጥያቄያቸውን አንስቻለሁ ብለው ሊፈርሙ ኃላፊው ቢሮ ተቀምጠዋል። እትዬ ጥንቃቄ ደብተሩን ይዛ ገባች፤ ሳታንኳኳ፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጠረጴዛው ላይ ገልጣ አስቀመጠችው። በእርሳስ የተሣለ ራስጌ አለ፤ አራት ጣት የሚያስገባ ቦይ አለ፤ ከሥሩ በራሷ ጽሕፈት «ጥቁር ቆሻሻ፣ ተወገደ» ይላል።

ኃላፊው አነበበ። የእሷን ሥልጠና ወስዶ ነው ለዚህ ወንበር የበቃው፤ እንደ ልጇ ነው።

«እትዬ፣ ምነው ትናንት አልተናገሩም?»

«ትናንት ፈርቼ ነበር። ዛሬም ፈርቻለሁ፤ ግን ደከመኝ።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ አልጋው የእርስዎ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቆሻሻ መስሎኝ ነው።»

አሮጊቷ ደብተሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሥዕሉን አዩት። ቦዩን በጣታቸው ተከተሉት።

«በምን አነሳሽው?»

«በጥጥና በምላጭ።»

«ስንት ቀን ፈጀብሽ?»

«ሰባት ሳምንት።»

«ሰባት ሳምንት» አሉ አሮጊቷ። «እኛ ሦስት ሴቶች ሆነን ዘጠና ዓመት ፈጅቶብናል። ጥጡንስ የት አደረግሽው?»

«ጣልኩት፣ እማማ።»

የልጅ ልጃቸው አንድ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት አሮጊቷ በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«እናቴ የሞተች ጊዜ» አሉ፣ «እጄን እዚያ ቦይ ውስጥ ሳስገባ እጇን የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንግዲህ ምን እላለሁ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ።» አልረገሟትም፤ ይቅርም አላሏትም። «በሉ ክፈቱልኝ፣ ልውሰደው» አሉ።

መስታወቱ ተከፈተ። አሮጊቷ ያለ ጓንት፣ ባዶ እጃቸውን ራስጌው ላይ አሳረፉና ወዲያና ወዲህ ያሹት ጀመር። «ጥንቃቄ!» የሚለው ቃል እትዬ ጥንቃቄ ጉሮሮ ድረስ መጣ። ዋጠችው። እንባዋን ግን መዋጥ አልቻለችም፤ እዚያው ሰው መሐል ቆማ አለቀሰች።

አልጋው ከመውጣቱ በፊት የርክክብ ቅጽ መሞላት አለበት፤ እሱ ደግሞ የእሷ ሥራ ነው። ተቀመጠች፣ መነጽሯን ጠረገች። የዕቃው ዓይነት፦ የሕፃን አልጋ። የዕቃው ይዞታ፦ ተጎድቷል። ኃላፊው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ መንስኤው ላይ እርጅና ብለው ይለፉት። ማን ያነበዋል? ስንብትዎ ሦስት ወር ነው የቀረው።»

«እርጅና እንኳን የኔ ነው» አለችው።

እስክሪብቶውን አነሳች። እትዬ ጥንቃቄ ብላ ሳይሆን፣ ደመወዝ ክፍሉ ብቻ የሚያውቀውን ስሟን፣ ከነአባቷና ከነአያቷ፣ ሣጥኑ እስኪሞላ ጻፈችው።