የካላዩ አውራ ጣት

ገነነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናውን ከአሰብ እስከ ፒያሳ ሲነዳ ረዳት አይዝም። የቀጠራቸውን ሁሉ አንገታቸውን ይዞ ጣርማበር ላይ ስለወረወረ፣ እዚያ የረዳቶች መንደር ተቆርቁሯል፤ አጥቢያ ዳኛ ሁሉ አላቸው ይባላል።

ጊዮርጊስ አጠገብ ካለው የወይንሸት ምግብ ቤት ሲገባም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚበላ። ጠረጴዛው ላይ ደፍሮ የሚቀመጥ ልብስ ሰፊው ካላዩ ብቻ ነበር። የጡጫ ያህል ጉርሻ ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ይወትፍበታል፤ ገነነም እየተሳደበ ይውጣል።

አንድ ቀን እንግሊዝኛ አስተማሪው አስገዶም ከወዲያ ጠረጴዛ ነገር ጀመረ።

«ጋሽ ገነነ፣ እንግሊዞች ሁለት ቃል አላቸው። አጠገቡ ሰው የሌለ 'አሎን' ነው። ሰው የራበው ደግሞ፣ መቶ ሰው ቢከበውም፣ 'ሎንሊ' ይባላል። እርስዎ የትኛው ነዎት?»

«የፊተኛው ነኛ! የኋለኛውን ለአልቃሻ አስተምር።»

«ውሸቱን ነው!» አለ ካላዩ። «እኔ እስክመጣ እንጀራውን እያየ ነው የሚቆየው። በል ጉረስ!»

ገነነ ጉርሻውን ከነጣቱ ነከሰ። ጩኸቱ አፍንጮ በር ድረስ ተሰማ። ካላዩ በግራ እጁ ወንበር ሰበረበት፤ ገነነ በሩን ከነማጠፊያው ነቅሎ መለሰለት።

ከዚያ ወዲያ ካላዩ ቀረ። አውራ ጣቱ ዱባ አክሎ መርፌ መያዝ አቃተው። ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሲጎራረስ ገነነ ዞር ካለ፣ ሁሉም እጁን ከጀርባው ይሸሽጋል።

«ጣታችንን እንወደዋለን፣ ጋሼ» አለች ወይንሸት።

ገነነ ከግድግዳው ወደ አስገዶም ዞረ።

«አንተ አስገዶም፣ ያ የኋለኛው ቃል ምን ነበር?»

«ሎንሊ።»

«ትሰድበኛለህ!» ብሎ ጠረጴዛውን ገለበጠበት። ከዚያ የራሱን ሳህን ይዞ ወጣ። ካላዩ ልብስ ስፌት ቤት ገብቶ ሳህኑን ሲንጀር የስፌት መኪናው ላይ አኖረ።

«አጉርሰኝ፣ ካላዩ።»

ካላዩ ተነሥቶ በግራ ጥፊ አንድ ጥርስ አስተፋው።

«ቀኜ ታስሯል፤ በግራ ደግሞ አያጎርሱም። ዛሬስ አጉራሹ አንተ ነህ።»

ገነነ በዕድሜው አጉርሶ አያውቅም። ወጥ እያንጠባጠበ ጠቀለለ። ካላዩ አፉን ከፈተ፤ ጉርሻው እንደገባ ግጥም አድርጎ ነከሰ።

በማግሥቱ ሁለቱም ጣታቸውን ጠምጥመው ወይንሸት ቤት መጡ፤ እየተሰዳደቡ በማንኪያ ሲጎራረሱ ዋሉ።