ሳይቃጠል በቅጠል ያልኩ ቀን

መናገር እወዳለሁ። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ይዞ የቆመ ሰው አምስት ሰው ተሰብስቦ ካየ ጉሮሮውን ይበላዋል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አድርጎ ሲመርጠኝ ሚስቴ፣ ምላሱን እንዲያሳርፍ ነው፣ የሚጽፍ ሰው አይናገርም ብላ ሳቀችብኝ። ተሳስታለች። እየጻፍኩም እናገራለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በአጥር የምንዋሰናት ጎረቤቴ መጣች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ገበያ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ እየቸረቸረች አንድ ልጇን ኮሌጅ አስጨርሳለች። ልጁን አስተምሬዋለሁ። ተመርቆ ሥራ ሲያጣ የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ ባጃጅ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለከል እሱም ቤት ዋለ። ግቢ ብላት እምቢ አለች፤ በሩ ላይ ቆማ ነው የነገረችኝ። ልጇ አብሯት መብላት ትቷል። ስልክ ሲደወልለት ጓሮ ይወጣል። የማታውቃቸው ሰዎች መጥተው ይጠሩታል፤ ከወጣ ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ድምጿን ቀነሰች።

«አልጋው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ፣ መምህር። መንካት ፈራሁ። እርስዎን ይሰማል፤ ያናግሩልኝ።»

ለፖሊስ ለምን አትነግሪም አልኳት፤ ማለት ያለብኝን ብዬ መገላገሌ ነበር። እሷ ግን፣ ብናገር ይወስዱታል፣ የት እንዳደረሱትም ሳላውቅ እቀራለሁ፤ የላኩት ከሰሙ ደግሞ እኔን አይምሩኝም፤ ዝም ካልኩ የሰው ልጅ ያልቃል አለች። ይህን ሁሉ ሳታለቅስ ነው የተናገረችው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አናግረዋለሁ፣ አይዞሽ አልኳት። መርቃኝ ሄደች።

እሑድ ልጁን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አገኘሁት። ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳኝ፤ ደህና ሰነበቱ ወይ አለኝ። ከስቷል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ያ ሁሉ ምላስ ያለኝ ሰው፣ እናትህን አደራ ብዬው አለፍኩ። በቃ፣ ይኸው ነው ምክሬ። ስለ ዕድሜዬ፣ ስለ ደም ግፊቴ ብዙ ምክንያት ደርድሬያለሁ፤ እውነቱ ግን ፈራሁ። የማይመለከተኝን ነክቼ ነገ የእኔ በር ቢንኳኳስ? ጎመን በጤና አልኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ ስትጠይቀኝ፣ አናግሬዋለሁ፣ ልጁ ልብ ገዝቷል አልኳት። ፊቷ ሲፈታ አየሁ። ተመስገን አለች፤ ወዲያው አንድ ሳህን ሽንኩርት ላከችልን። በላነው።

ሐሙስ ዕለት የደምበጫ መኪና የሚጫንበት ቦታ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ታክማ ወደ ቤቷ ልትመለስ መኪና የምትጠብቅ ሴት ሞተች፤ ሌሎች ሦስት ሰዎች ቆሰሉ። ሟቿን አላውቃትም፤ ሕፃናት ልጆች እንዳሏት ግን ሰማሁ። ወርዋሪው በዚያው ቀን ተያዘ። እሱ ነበር።

በሳምንቱ እሑድ እድሩ ተጠራ። ከቀበሌ የመጣ ሰው ሽብርን በምን እንከላከል የሚል አጀንዳ አቅርቦ ሲያበቃ፣ የእድሩ ዳኛ መምህር ይናገሩልን አለ። ጎረቤቴ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ማንም የለም። አሞኛል ብል ማን ያስገድደኝ ነበር? እኔ ግን ተነሣሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል አልኩ። አገር በወታደርና በኬላ ብቻ አይጠበቅም፣ ጥበቃው ከየቤቱ ይጀምራል አልኩ። ንግግሩ እየጣፈጠኝ ሄደ።

«ከመንግሥት በፊት የልጇን አልጋ ሥር የምታውቀው እናት ናት። አይታ ዝም ያለች እናት አብራ ወርውራለች።»

ቃል በቃል እንዲህ አልኩ። አልጋ ሥር የሚለውን ከየት አመጣሁት? ከእሷው አፍ ነው። ሰው ሲያጨበጭብ ወደ መጨረሻው አግዳሚ ዞሬ አላየሁም።

ከዚያ አንዱ ተነሥቶ፣ ታዲያ ይህቺ ሴት እዚህ ምን ታደርጋለች አለ። ትሰረዝ ተባለ። በእኛ አገር ከእድር መውጣት ማለት ስትሞት የሚቀብርህ፣ ለቅሶህን የሚቀመጥ የለም ማለት ነው። እጅ ወጣ። እኔ እጄን አላወጣሁም፤ ብዕር ይዤ ነበራ! መዝገቡ ላይ ስሟን በመሥመር ሰረዝኩት፤ ያውም እንዳይጣመም በማስመሪያ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ለመምህር ነግሬያቸው ነበር ብትል ይበቃት ነበር። አላለችም።

ሁለት ቀን ወደ አጥሩ በኩል ሳልወጣ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ሄድኩ። በርበሬ ትቀነጥሳለች። የይቅርታ ቃል ስደረድር ነበር የመጣሁት፤ ግን እድሩ ፊት ለምን ዝም አልሽ ብቻ አልኳት። ብናገር እርስዎንም ይወስዱዎት ነበር፣ የአንድ ቤት መፍረስ ይበቃል አለችኝ፣ እጇን ከሥራው ሳታቆም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ያን እሑድ ሲያናግሩት ምን አለዎት? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ወይ እኔ! አሁንም አምናኛለች። እውነቱን የምናገርበት ሰዓት ያ ነበር። አለቀሰ አልኳት። ያን ጊዜ እሷም አለቀሰች፤ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎስ የአቅምዎን አድርገዋል ብላ እስከ በር ሸኘችኝ።

አገር ከእንዲህ ያለ መዓት እንዴት ይዳን ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ዛሬም አለ። ኬላውም ፍተሻውም ይኑር፤ ያጠፋ በሕግ ይጠየቅ፤ የሟቿ ልጆች ፍትሕ ይገባቸዋል። በዚያች ማክሰኞ ጠዋት ግን እናት ልጇን ሳታጣ የምታንኳኳው አንድ በር እዚህ ከተማ ቢኖር ኖሮ እኔ ዘንድ አትመጣም ነበር። የመጣችው ሌላ ስላጣች ነው። ቦምቡ ገና አልጋ ሥር ሳለ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያቺን መኪና ስትጠብቅ የነበረች ሴት ማን ገደላት በተባለ ቁጥር አፍራለሁ።

ባለፈው ወር ስብሰባ ሁሉን ልናገርና ስሟ እንዲመለስ ልጠይቅ ቆርጬ ሄድኩ። ዳኛው ሌላ ሐሳብ ያለው ሰው አለ ወይ ሲል እጄን አወጣሁ።  ተነሣሁና የእድሩ የለቅሶ ድንኳን ገመድ አርጅቷልና ይቀየር አልኩ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ቃለ ጉባኤውን ጽፌ ፈረምኩ።