ልጄን በሙቀት ክፍል ክርስትና ያነሣችልኝ ሲስተር ይርገዱ

ዛሬ ጠዋት የዕድራችን ጥሩምባ ሲነፋ እጄን ሳላደርቅ ወጣሁ። ነፊው "ሲስተር ይርገዱ አርፈዋል" ሲል፣ "ስም ተሳስተሃል፣ ተመለስና አጣራ!" ብዬ መንገድ ላይ ተጣላሁት። "እቴቴ፣ ከቤታቸው እኮ ነው የመጣሁት" አለኝ።

አሁንም አላመንኩም። ትናንት እኮ የደም ግፊት ኪኒኔን አቋርጬ ደረሰችብኝና በሰው ፊት ስትቆጣኝ ነበር!

የደብረ ታቦር ልጆች፣ ስንቶቻችሁን ክትባት ወግታ አስለቅሳችኋለች። እኔ ደግሞ የማውቃትን ልንገራችሁ። ወሬ እንደማበዛ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ታገሡኝ። ደክሞኛል፣ ግን ዝም ካልኩ ይብስብኛል።

ዘመኑ ደርግ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ያገባሁ ልጅ ነበርኩ። ባሌ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሳለ የመጀመሪያ ልጄ ገና በሰባት ወሯ መጣች። ምጡ ሲጀምረኝ ከእብናት በእህል መኪና፣ ከአማቴ፣ ከባሌ እናት ጋር ደብረ ታቦር ሆስፒታል አደረሱኝ።

ዛሬ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና የሚሉት ያኔ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። አንድ ማሞቂያ፣ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ። ልጄ ከጠርሙሱ አትበልጥም።

የክፍሏ ኃላፊ ሲስተር ይርገዱ ናት። ማርክሲዝም የሚጠናበት የሆስፒታሉ የውይይት ክበብ ሰብሳቢም እሷው። እሑድ ጠዋት፣ ሰው ቅዳሴ በሚሄድበት ሰዓት እሷ ስብሰባ ትመራለች ሲሉን ፈራናት። አማቴማ "በዚች ፊት ማማተብም አይቻል" እያሉ ነጠላቸው ውስጥ ያማትቡ ነበር።

"ትተርፋለች ወይ?" ብዬ ስጠይቃት፣ ጠዋት "ዛሬን እናውላት" ትላለች። ሲመሽ "ዛሬን እናሳድራት" ትላለች። በቃ።

ድካሙን እንዴት ልንገራችሁ! ወተቴን በእጄ ኩባያ ውስጥ አልባለሁ፤ እሷ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ ታደርግላታለች። ቁጭ ብዬ እንቅልፍ፣ ቆሜ እንቅልፍ። ጸሎቴም አጥሮ አጥሮ "አባታችን ሆይ" ብቻ ቀረኝ። እሱንም "መንግሥትህ ትምጣ" ካልኩ በኋላ፣ "ፈቃድህ" የሚለውን ዘልዬ "የዕለት እንጀራችንን" እገባለሁ። እሺ ካልኩት ይወስዳታል ብዬ እኮ ነው!

አንድ ቀን በለሆሳስ ስጸልይ፣ ሲስተር ቱቦውን እያስተካከለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "አንድ መስመር ዘለልሽ" አለችኝ።

ክው አልኩ። የክበቡ ሰብሳቢ!

"ግድ የለም" አለች ቀስ ብላ። "እኔ እልልሻለሁ።"

ከዚያ ልጅቷ መተንፈስ እየረሳች ከንፈሯ ይጠቁር ጀመር። አማቴ "ቄስ ይጠራ! የልጄ ልጅ ሳትጠመቅ አትሄድብኝም" አሉ። እኔ ደግሞ "ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው። ዛሬ ካስጠመቅናት ተስፋ ቆረጥን ማለት ነው፤ እምቢ!" አልኩ።

"እምነት የለሽም አንቺ!"

"የሌለዎትስ አንቱ!"

ከአማት ጋር! በአራስ ወገቤ!

ሲስተር በሩን ዘጋችው። "ድምፅ ቀንሱ። አንቺ ደግሞ፣ ክርስትና የቀበሌ መሸኛ ነው ያለሽ ማነው? ልጅነት የምታገኝበት አይደል? ብትቆይም ብትሄድም የእሱ ልጅ ናት።"

አልቅሼ አልቅሼ እሺ አልኩ።

አማቴ ያመጧቸው መምሬ መስቀላቸውን በጋቢ ሸፍነው ገቡ። ሲስተር እስከ ክርናቸው በሳሙና አሳጠበቻቸው፣ ነጭ ጋውን አለበሰቻቸው፣ በመጨረሻም ውሃውን ካላሞቅኩ ብላ ቆመች።

"ጓዲት" አሉ መምሬ፣ "ዮርዳኖስ ላይ እኮ እሳት አልነደደም።"

"ዮርዳኖስ ቆላ ነው አባ፤ ይሄ ደብረ ታቦር ነው!"

አማቴ እንኳ ሳቁ። መምሬም ለብ ባለው ውሃ ላይ ጸለዩበት። ኋላ "ክርስትና የምታነሣት ማናት?" ሲሉ ተያየን። እኔ እናቷ ነኝ፣ አማቴ አያቷ ናቸው፣ አይሆንም፤ ሌላው ዘመድ ያለው እብናት። የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ በመስኮት እያየችን ነው። ሲስተር፣ ሴትየዋ እያየቻት፣ ለልጄ እጇን ዘረጋች።

"ድሮም ከእጄ አልወጣችም። እኔው ላንሣት።"

ወሬው ወጣ፤ ከክበቡ ሰብሳቢነት አወረዷት። "እሰይ፣ እሑድ ልተኛ ነው" ብላ ሳቀች። የት ትተኛለች! ቅዳሴ ነበር የምትሄደው።

ልጄ ግን በዚያው ቀን አልዳነችም። ተአምር ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ። ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ይመለሳል፤ ደግሞ ይጠቁራል። አንድ ከሰዓት በኋላ ጸሎቴን ምንም ሳልዘል ጨረስኩት። እምነት ይሁን ድካም እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለመዝለል እንኳ አቅም አልነበረኝም። ከዚያ ስንት ጊዜ እንደቆየን እንጃ፣ ብቻ አንድ ጠዋት ጡቴን ይዛ ሳበች። እኔና አማቴ ተቃቅፈን አነባን።

ከሲስተር ጋርም አበልጅ ሆንን። አንቱ ስላት "ተይ፣ አታስረጂኝ" ትለኝ ስለነበር ነው አንቺ የምላት። እሷ አልወለደችም። ልጄ ግን ለፋሲካ ስትመጣ መጀመሪያ የምትገባው እሷ ቤት ነው። ልዋሻችሁ? እቀና ነበር!

ዛሬ ድንኳን ውስጥ ከዕድርተኛው አንዱ "ልጅ ስለሌላቸው የምንጠብቀው ሰው የለም፣ በጊዜ እንቅበር" አለ።

ተነሣሁ። "ልጅ አላቸው!" አልኩ። "ከባሕር ዳር እየመጣች ነው። እሷ ሳትደርስ አፈር አይነካቸውም።"

የዕድሩ ዳኛ "እሺ፣ እንጠብቃለን" አሉ።

አበልጄ፣ ያን ሁሉ ዘመን ስትቆሚ ኖርሽ፤ አሁን ጋደም በይ። ደህና ሁኚልኝ። ግን ትንሽ ታገሺ። ልጅሽ አሁን ደወለች፣ ከባሕር ዳር ወጥታ ሐሙሲት ደርሳለች።